ነጭ ሽንኩርት ፍለጋ፦ ከቢሾፍቱ እስከ ጣርማበር

የባልትና ሥራ የያዘ ሰው ኅዳርን ይወዳል። በርበሬው ይደርሳል። የክረምቱ ነጭ ሽንኩርትም ከማሳ የሚወጣው በዚሁ ሰሞን ነው። እኔ ቤቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጃለሁ። ለሰፈር ሰው፣ ለዘመድ፣ ዱባይ ላለችው እህቴና ለጓደኞቿም ይሄዳል። የበርበሬዬን አገር አውቀዋለሁ፤ ማረቆ ነው። የሚያመጣልኝም ሰው የቆየ ደንበኛዬ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ግን በብዙ እጅ አልፎ ስለሚደርሰኝ የት እንደበቀለ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አምና የገዛሁት ደግሞ ውኃ የበዛበት ነበር። ገና ሳልፈጨው ማቆጥቆጥ ጀመረ። ስለዚህ በ2015 ኅዳር ላይ ባዶ ጆንያ ይዤ ወጣሁ። ያየሁትን፣ የበላሁትንና የከፈልኩትን ማታ ማታ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ አስተካክዬ የጻፍኩት ይኸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8፦ ቢሾፍቱ

ከቃሊቲ በሚኒባስ 50 ብር ከፍዬ ረፋዱ ላይ ደረስኩ። ቢሾፍቱ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ሐይቁና ሪዞርቱ ነው። ከተማዋ ግን ትልቅ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት። ቁንጮ የተባለው ጤፍ ከዚያ ነው የወጣው። ‹ቢሾፍቱ ነጭ› እና ‹ፀደይ 92› የሚባሉት የነጭ ሽንኩርት ዝርያዎችም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። በወዳጅ በኩል አንድ ባለሙያ አግኝቼ ነበርና ጊዜውን ሳይሰስት አስረዳኝ።

መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ዘሩ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚዘራ ዘር አይሰጥም። ራሱ ይፈለፈልና እያንዳንዷ ፍሬ መሬት ትገባለች። ከእሷ የሚወጣው ተክል ቁርጥ እናቱን ነው። ጤፍ ወይም ስንዴ ሲዳቀል እንደሚደረገው አባትና እናት መርጦ ማዳቀል አይቻልም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ከየአገሩ ገበሬ ጓሮ የተሰበሰበውን ጎን ለጎን ተክለው፣ የተሻለውን እየለዩ ያወጡት። ስለዚህ ዛሬ በስም የምናውቀው ዝርያ ሁሉ መነሻው ስሟ ያልተጻፈ የአንዲት እናት ጓሮ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ።

ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ፍሬዋ በሽታ ከያዘች በሽታው አብሮ ይተከላል። ደግሞ ብዙ ዘር ይበላል። ለአንድ ሄክታር ጤፍ 25 ወይም 30 ኪሎ ቢበቃ ነጭ ሽንኩርት ኩንታሎች ይጠይቃል። የዘር ዋጋ ሲወደድ ገበሬው የሚተክለው ከገበያ ያገኘውን ይሆናል። ከገበያ የመጣው ከየት ማሳ እንደመጣ አይታወቅም። በሽታ ከወረዳ ወረዳ የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሥሩን የሚያበሰብሰው ነጭ ሻጋታ ነው አለኝ። ቅጠሉ ከታች ቢጫ እየሆነ ይመጣል። ነቅለሽ ስታዪው ሥሩ በነጭ ጸጉር ተሸፍኗል። በላዩ ደቃቅ ጥቁር እንክብሎች አሉ። እነዚያ እንክብሎች አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ተኝተው ይቆያሉ። ገብስ ቢዘራ፣ ባቄላ ቢዘራ አይነቁም። የሽንኩርት ወገን የሆነ ተክል ሥር አጠገባቸው ሲደርስ ግን ሽታውን ለይተው ይበቅላሉ። ይህን ሲነግረኝ በጣም ነው የገረመኝ። በማግስቱ መንገድ ላይ ሳስበው ዋልኩ።

ስለ ሽታው ደግሞ ለኔ ሥራ የሚጠቅም ነገር ነገረኝ። ያልተነካች ፍሬ እምብዛም አትሸትም። ውስጧ ሁለት ነገሮች ተለያይተው ተቀምጠዋል። ስትወቀጥ ወይም ስትከተፍ ይገናኛሉ፤ ሽታውን የሚሰጠው አሊሲን የሚባለው ነገር ያኔ ይወለዳል። ከሁለቱ አንዱ ኤንዛይም ነው፤ እሱን ኃይለኛ እሳት ይገድለዋል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ ዘይት ውስጥ መጨመር፣ ወዲያው ከመጨመር ይበልጣል። እናቴ ወጥ ስትሠራ ከሁሉ አስቀድማ ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጣ ሙቀጫው ውስጥ ትተወው ነበር። ቀይ ሽንኩርቱን ስትከትፍ፣ ስታቁላላ እሱ እዚያው ይቆያል። ምክንያቱን ጠይቄያት «እንዲህ ነው የሚጥመው» ነበር ያለችኝ። ልክ ነበረች።

ለማድረቅም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ላይ ከሚሰጣ ይልቅ ነፋስ ባለበት ጥላ ቢደርቅ ኤንዛይሙ ይተርፋል። ዱቄቱ ወጥ ውስጥ ገብቶ ውኃ ሲነካው ሽታው እንደገና ይነሳል።

ምሳ የአጥንት ቅቅል በላሁ፤ 180 ብር። ነጭ ሽንኩርቱ ከነፍሬው የገባ ነው። በልቶ ለሚያውቅ ሰው ከሥጋው ይልቅ እነዚያ የሟሙ ፍሬዎች ናቸው የሚናፈቁት። ማታውን አዲስ አበባ ገባሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 9፦ ሸኖ፣ ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን

ከላምበረት መናኸሪያ 150 ብር። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አሌልቱን አለፍን። ከዚያ በኋላ አገሩ ገላጣ ነው። ስንዴና ገብስ እየታጨደ ነበር። ክምሩ፣ ኩበቱ፣ በየደጁ የተሰጣው እህል ዓይን ይሞላል።

ሸኖ ላይ ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ቆመ። ሸኖ ደርሶ ቅቤ ሳያይ የሚያልፍ የለም። ለጋውን በኪሎ 600 ብር ነገሩኝ። ቅቤ ከምትሸጥ ሴትዮ ጋር ስለማንጠር ወሬ ጀመርን። ነጭ ሽንኩርት ይገባል ወይስ አይገባም? እሷ አይገባም ባይ ናት። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ጥቁር አዝሙድ ይበቃል፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ቅቤ ቶሎ ይበላሻል አለች። እኔ ቤት ይገባል። ግን ሳይወቀጥ፣ ተከፍሎ ብቻ፣ ከዝንጅብል ጋር። ውኃው እስኪያልቅ ይነጠራል፣ ከዚያ ጥርት ተደርጎ ይጠለላል። አንዲት ቁራጭ ከሥሩ ከቀረች የሴትዮዋ ፍርሃት እውነት ነው። «እንግዲህ ማጥለሉን አጥብቂ» ብላ መረቀችኝ። ቅቤውን ለመልስ መንገድ ብዬ አልገዛሁም።

ጫጫ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጎማ ፈነዳ። የአንጎለላ ሜዳ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱበት አገር። የመኪናው ትርፍ ጎማ ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ሌላ መኪና ለምኖ ጎማውን ይዞ ጫጫ ሄደ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። የኅዳር ነፋስ እዚያ ሜዳ ላይ ጋቢ ያልፋል። አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው ለሁላችንም አደሉ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ነጭ ሽንኩርት ፍለጋ እንደምሄድ ስነግረው «እንግዲያው ነገ ቅዳሜ ነው፣ ማልደሽ ውጪ» አለኝ። ያ ምክር ብዙ ጠቀመኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ መሽቷል። ክፍል በ350 ብር ያዝኩ። ሙቅ ውኃ አለ ተብዬ ነበር፤ የለም። ብርድ ልብሱም ሳሳ ያለ ነበር። ሁለተኛ እንዲጨምሩልኝ ጠይቄ ጨመሩልኝ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነውና በኅዳር ሌሊት ሁለቱም አልበዙም።

እራት ግን ሌላ ነው። ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው፤ ሽሮ አዘዝኩ፤ 70 ብር። ሸክላ ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ሲቀርብ ሽታው አስቀድሞ ደረሰ። አዲስ አበባ ከምበላው ሽሮ የተለየ ነበር። ማዕድ ቤት ገብቼ ሠሪዋን ጠየቅኳት። ደስ ብሏት አሳየችኝ። ነጭ ሽንኩርቱን ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹ ከቀይ ሽንኩርቱ ጋር ይቁላላል። ግማሹ ተወቅጦ ይቀመጥና ሽሮው ሊወርድ ሲል ይጨመራል፣ አንዴ ተማስሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ጣዕሙን ይሰጣል፣ ሁለተኛው ሽታውን። ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ የምሠራው እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10፦ የደብረ ብርሃን ገበያ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስወጣ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ሰው ሁሉ በጋቢና በካፖርት ተጠቅልሎ ወደ ገበያ ይወርዳል። አህዮች በጎች እየቀደሙ፣ በጎች አህዮች እየቀደሙ። በግ ተራውን፣ እህል ተራውን አልፌ ሽንኩርት ተራ ደረስኩ።

አዲስ አበባ ጉሊት ነጭ ሽንኩርት የሚሸጠው በመደብ ነው። አራት አምስት ራስ ተደርድሮ ዋጋ ይነገራል። ለአንድ ቀን ወጥ የሚሆን ነው። እዚህ ግን ጆንያ አጠገብ ጆንያ ነው። ከፊሉ ከነቅጠሉ የታሰረ፣ ከፊሉ የተቆረጠ፣ ከፊሉ ገና አፈሩ ያልረገፈ። ሽታው ከሩቅ ይቀበላል፤ ደረቅ፣ ንጹሕ ሽታ ነው።

ሻጮቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንዷ ዘንድ ቁጭ ብዬ ብዙ ተማርኩ። ጥሩውን እንዴት እንደምለይ አሳየችኝ። ራሱን በእጅ ጨበጥ ማድረግ ነው፤ ጠንካራ መሆን አለበት። አንገቱ ደርቆ የጠበበ ከሆነ ይቆያል። አንገቱ እርጥብ ከሆነ ቶሎ ያቆጠቁጣል። ቀላ ያለ ልጣጭ ያለው የአበሻው ነው፤ ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ለመላጥ ያስቸግራል፣ ግን ኃይለኛ ነው። ነጣ ብሎ ፍሬው ተለቅ የሚለው ለላጭ ይመቻል። ምግብ ቤቶች የሚወዱት እሱን ነው።

ሁለቱንም አንድ አንድ ፍሬ ልጣ ሰጠችኝ። ጥሬውን ቀመስኩ። ነጩ መጀመሪያ ጣፈጥ ብሎ ቆይቶ ይፋጃል። ደቃቁ ወዲያው ምላስ ይይዛል፣ ከዚያ እስከ አፍንጫ ይወጣል። ለበርበሬና ለሽሮ ያለ ጥርጥር ደቃቁ ነው። መላጡ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ዱባይ ያለችው እህቴ ተልጦ በላስቲክ የታሸገ ትልልቅ የቻይና ነጭ ሽንኩርት ነው የምትጠቀመው። ዓለም ላይ ከሚመረተው አብዛኛውን የምታመርተው ቻይና ናትና የትም አገር ሱቅ የሚገኘው እሱ ነው። ለወጥ እጥፍ እንደምትጨምር ነግራኛለች፤ ያም ሆኖ አይደርስም ትላለች። እኔም አምናታለሁ።

ሌላ የማላውቀው ነገር የወቅቱ ልዩነት ነው። በሰኔ ተተክሎ በጥቅምትና በኅዳር የሚነቀለው የክረምቱ ነው። ዝናቡ ሲያቆም መሬቱ እየደረቀ ስለሚበስል ያላንዳች ውኃ ይጠነክራል። በመስኖ የሚመረተው በበጋው ይተከልና በየካቲትና በመጋቢት ይደርሳል። እሱም ጥሩ አለው፤ ግን ሊነቀል ሰሞን ውኃ ከተለቀቀበት ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቆይም። የአምናው የኔ ሽንኩርት የገዛሁት በመጋቢት ነበር።

ዋጋው በኪሎ ከ120 እስከ 130 ብር ነበር፤ እንደ ትልቅነቱና እንደ ድርቀቱ። ረፋዱ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ነጋዴዎች በአይሱዙ ደርሰው በጅምላ መሰብሰብ ሲጀምሩ ደግሞ ወደ 135 ተሳበ። ማልዶ መውጣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ከአንድ ነጋዴ 20 ኪሎ ገዝቼ ነበር። ላዩ ያማረ ነው። ሴትዮዋ «ገልብጪው፣ ሥሩን እዪ» አለችኝ። ስንገለብጠው ከታች እርጥብ ነው፤ ጥቂቱም ሻግቷል። ነጋዴው ሌሊት ጤዛ መታው አለ። በዙሪያው ያሉት ሴቶች ግን ዝም አላሉትም። «ከሩቅ የመጣች ሰው ናት፣ ገንዘቧን መልስ» ብለው ያዙት። መለሰልኝ። ከዚያ ከሴትዮዋና ከጎረቤቷ 40 ኪሎ በ125 ብር ገዛሁ፤ 5,000 ብር። እያንዳንዱን ራስ በእጄ አልፌ ነው ያስገባሁት።

ከጎኗ ሌላ ትንሽ ጆንያ ነበራት። የሚያምሩ ትልልቅ ራሶች ናቸው። ከዚያም እንድትጨምርልኝ ጠየቅኩ።

«እሱ የዘር ነው፤ ለወጥ አይሸጥም» አለች። «ለባልንጀራዬ ላደርሰው ነው ያመጣሁት።»

«ዋጋውን ልጨምር?»

«ብትጨምሪስ እህቴ፣ ዘር ተበልቶ ምን ይተከላል? ማየት ካማረሽ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነይ።»

እሑድ፣ ኅዳር 11፦ በአንኮበር መንገድ፣ ገጠር

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ነው። በባጃጅ እስከ መታጠፊያው ሄድኩ፤ ከዚያ በእግር። የድንጋይ ካብ ግቢ ነው። ባሕር ዛፍ ነፋሱን ይመክታል። ባልየው ከቅዳሴ ተመልሰው ደጅ ላይ ጠበቁኝ።

«ኖር! ግቢ ልጄ፣ ብርድ ነው።»

«እንደምን ዋሉ ጋሼ።»

መጀመሪያ ማሳውን ለማየት ፈለግኩ። ሽንኩርት የሸጠችልኝ እትዬ ግን ጫማዬን ተመለከተች። ከገበያ የመጣ አፈር አለበት። «ይቅርታሽን፣ ይሄን አድርጊው» ብላ የራሷን ኮንጎ ጫማ ሰጠችኝ። ምክንያቱን ሳትነግረኝ ገባኝ፤ ቢሾፍቱ ላይ የሰማሁት ነው። ነጭ ሻጋታው በጫማ፣ በዶማ፣ በከብት እግር ይሄዳል። ጋሼ ራቅ ያለ ቁራሽ መሬት አሳዩኝ። ከዓመታት በፊት ነጭ ሽንኩርታቸው ሁሉ እዚያ በስብሶ ቀርቷል። ዘሩን የገዙት ከገበያ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቁራሽ ላይ ገብስና ባቄላ እንጂ የሽንኩርት ዘር አልገባም። ውኃው ከዚያ ወደ ሌላው ማሳ እንዳይወርድም ቦይ ቀድደውለታል።

«መድኃኒት የለውም ወይ ጋሼ?»

«መድኃኒቱ እሱን መሬት መርሳት ነው። ልጆቼም እንዲረሱት ነግሬያቸዋለሁ።»

ደኅናው ማሳ ላይ የመጨረሻው መደብ እየተነቀለ ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ልጆቹ በዶማ አፈሩን ከጎን ያነሳሉ፣ እናትየዋ አንገቱን ይዛ ትስባለች። አፈሩን ለማራገፍ እርስ በርሱ አታጋጭም። የተጋጨ ራስ ከውስጥ ይቆስላል፣ የቆሰለው ይበሰብሳል። በእጇ ጠረግ አድርጋ ቅጠሉ የሌላውን ራስ ከፀሐይ እንዲከልል አድርጋ ታነባብረዋለች። እኔም ጥቂት ነቀልኩ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ጉሊት ቁጭ ብለን ዋጋ ስንከራከር ይህን ማየት ይገባን ነበር።

ተከላው ሰኔ ላይ ነው። መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል፣ ፍግ ይገባበታል። ፍሬዋ ሹል ጫፏ ወደ ላይ ሆና በጣት ትገባለች፤ በፍሬና በፍሬ መካከል የእጅ መዳፍ ያህል ይተዋል። ከዚያ አረም ነው። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ አረሙን አይሸፍነውም፤ ካልታረመ ይዋጣል። ዋግ የያዘው ዓመት ደግሞ ቅጠሉ በቀይ አቧራ ይሸፈናል፤ ራሱም ሳይሞላ ይቀራል።

ቤት ስንገባ ቀና ብዬ አየሁ። ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ማገር ላይ፣ የነጭ ሽንኩርት እስር በመደዳ ተሰቅሏል። ጭሱ አጥቁሮታል። ይህ የሚቀጥለው ሰኔ ዘር ነው። ጭሱ ያደርቀዋል፣ ተባይም አያስጠጋም። የተሰቀሉት ከማሳው ሁሉ ምርጦቹ ናቸው።

«ትልቁን መሸጥ ያጓጓል» አለች እትዬ። «ልጅ ትምህርት ቤት ይላካል፣ ማዳበሪያ ይገዛል። ግን ትልቁን ሸጠሽ ትንሹን ከተከልሽ በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል። ይሄ ዘር ከአማቴ ነው የመጣው። እሳቸው ትልቁን ነበር የሚያስቀሩት። እኔም እንደዚያው ነኝ።»

እኔ ከዚህ ጉዞ ሁሉ የያዝኩት ይህን ነው። ነጭ ሽንኩርት ጎተራ ውስጥ ለዓመታት አይቀመጥም። በየዓመቱ መተከል አለበት። አንድ ዓመት ቢበላ ወይም ቢሸጥ ያ ዘር ከዚያ ቤት አለቀ። የነዚህ ሴቶች እጅ ከተፈታ የአበሻው ደቃቅ ነጭ ሽንኩርት ወዴት እንደሚሄድ ማሰብ ያስፈራኛል። ምርምር ማዕከሉም ቢሆን የለቀመው ከእነሱ ነው።

ምሳው የገብስና የስንዴ እንጀራ፣ የባቄላ ክክ ወጥ፣ አይብና አዋዜ ነበር። አዋዜውን እዚያው እያየሁ ሠራችው። ደረቅ በርበሬ፣ ጨው፣ አዲስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ በጥቂት አረቄ የተለወሰ። ጠላው የገብስ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ። አዲስ አበባ ውስጥ በምንም ዋጋ የማላገኘው ምሳ ነው።

ቡና ሲፈላ ጎረቤታቸው መሪጌታ መጡ። የመጣሁበትን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። በግእዝ ቀዩ በጸል፣ ነጩ ሶመት ይባላል አሉኝ። ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ላይ እስራኤላውያን በምድረ በዳ መና እየበሉ፣ የግብፅን ዓሣና ዱባ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አምሯቸው ያለቀሱትን አነሱ። «መና እየወረደላቸው ነጭ ሽንኩርት ማማራቸው፣ ጣዕም የለመደ አፍ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያሳያል» አሉ። እትዬ ደግሞ አልፈርድባቸውም አለች።

ከዚያ ወሬው ወደ መድኃኒቱ ሄደ። ለጉንፋን ከማር ጋር፣ ለሆድ ቁርጠት ከፌጦ ጋር፣ ሕፃን ዓይን እንዳይበላው ከጤና አዳም ጋር በጨርቅ ተቋጥሮ አንገት ላይ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል አዲስ አበባ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ዋጋቸው እንዴት እንደተሰቀለ አስታወስኩ። ለጉንፋን እኔም እጠቀማለሁ፤ ጉሮሮ ያሞቃል። ሕመም ሲጠና ግን ጤና ጣቢያ ነው። ጋሼም እንደዚያው ናቸው፤ ትንሹ ልጃቸው ሳንባ ምች ሲይዘው ሌሊት በትከሻቸው ተሸክመው ነው የወሰዱት። መሪጌታም ጥርሱን ሲያመው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ጉንጩ ላይ አስሮ ስላደረ ሰው ነገሩን። ጠዋት ቆዳው እሳት እንደነካው ቆስሎ ተገኘ።

ስሄድ ገንዘብ ልሰጥ ብል አልተቀበሉኝም። ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ነበርና እሱን ተቀበሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12፦ ጣርማበርና ደብረ ሲና

የኅዳር ሚካኤል ነው። ጠዋት ከተማው በየመንደሩ ጭስ በጭስ ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝብ ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ይቃጠላል። ደግ ልማድ ነው፤ አሁን አሁን ፕላስቲክ አብሮ መቃጠሉ ግን ይጎዳል፣ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ሽንኩርቴን ሆቴሉ ጥበቃ ዘንድ አስቀምጬ ወደ ጣርማበር ወጣሁ። ጉሙ ወፍራም ነበር። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈን ስንወርድ ጉሙ ተገለጠና ከሥር ያለው ገደል በአንዴ ታየ። ደብረ ሲና ላይ እንደ ሁሉም መንገደኛ ቆሎ ገዛሁ። ከቆላው ከሸዋ ሮቢት የሚመጣው ቀይ ሽንኩርት በብዛት አለ። ነጭ ሽንኩርቱ ከዙሪያው ደጋ የወረደ ነው፤ በኪሎ 130 ነበር፤ ከደብረ ብርሃኑ አይለይም። ብዙ አልቆየሁም።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ሁለቱን ጆንያ ስጭን ረዳቱ ለእያንዳንዱ 100 ብር አለ። ከውስጥ እንዳይገባ አንድ ተሳፋሪ «ይሸታል» ብሎ ተቃወመ። ፖርቶ መጋላው ላይ ወጣ። ሰንዳፋ ላይ ካፊያ ጀመረ። ሾፌሩን ለምኜ አስቆምኩትና በሸራ ሸፈንነው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሳያጉረመርሙ ጠበቁኝ። አመሰግናለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13፦ አዲስ አበባ

በነጋታው ለማመሳከር ኃይሌ ጋርመንት ወዳለው አትክልት ተራ ሄድኩ። ተመሳሳዩ በኪሎ 170 ብር ነበር። ሰፈሬ ጉሊት ላይ 200 ይደርስ ነበር። የኔው ከጭነቱና ከታክሲው ጋር 5,500 ብር፣ በኪሎ 137 ብር ከ50 ሳንቲም ነው የወደቀብኝ። ሆቴሉና ምግቡ ሲታሰብ ትርፍ የለውም። ብቻውን ለሚሄድ አያዋጣም፤ ሦስት አራት ሴቶች ሆነን ብንሄድ ግን ያዋጣል።

ከሰዓት ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ። ራሱን ፈልፍለን፣ ፍሬውን በደረቅ ጆንያ እያሸን ልጣጩን አላቀቅን። ውኃ ውስጥ የሚነክሩ አሉ፤ ለመላጥ ይቀላል፣ ለማድረቅ ግን ውኃ መልሶ ማስገባት ነው። ስስ አድርገን ከትፈን ሰፌድ ላይ፣ ነፋስ ባለበት በረንዳ ጥላ ሥር አሰጣነው። ከተላጠ 3 ኪሎ 1 ኪሎ ያህል ደረቅ ይወጣል። ሲጨበጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለወፍጮ ደርሷል።

ለሚቀጥለው ኅዳር ለእትዬ ቀብድ ልላክ ብዬ ደወልኩ። ቀብድ አልቀበልም አለች፤ «ሲደርስ ነይና አይተሽ ግዢ»። ሁለት ጎረቤቶቼ አብረውኝ ሊመጡ ተስማምተዋል። መሄድ ለሚፈልግ፦ ዓርብ ማታ ደብረ ብርሃን ግቡ፣ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት በፊት ሽንኩርት ተራ ድረሱ፣ ጆንያ ከቤት ያዙ፣ የክረምቱ መሆኑን ጠይቁ፣ ጆንያውን እስከ ሥሩ ገልብጡ። የዘር ነው ካሏችሁ ደግሞ አትለምኑ።